አጠገብሽ ማን ቆመ? የነርሶችና የጤና መኮንኖች ትምህርት ከጎንደር እስከ ዲላ

(በኮሌጁ የሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተጽፎ በተናጋሪው የታረመ።)



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። ዛሬ ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የሀገራችንን ስጠቅስ ዓመተ ምሕረት መሆኑን እናገራለሁ።

ባለፈው ክረምት በቡሌ በኩል ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የምትሠራ ነርስ ቤቴ ድረስ መጣች። የቀድሞ ጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ቡሌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዲላ ፀሐይ ሲሆን እዚያ ላይ ጭጋግና ብርድ ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ ማኅደር ይዛ ነበር። በውስጡ የመጀመሪያ ዲግሪዋ፣ የሙያ ፈቃዷ፣ የዘጠኝ ዓመት የሥራ ልምድ ደብዳቤና ከኢንተርኔት የታተመ ረጅም ቅጽ ነበረበት። ቅጹ የአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው፤ በእነርሱ አጠራር «የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር» ይባላል። ከሕፃን እስከ አዛውንት የሚመጣውን ሕመምተኛ ራሷ መርምራ፣ በሽታውን ለይታ፣ መድኃኒት የምታዝዝ ነርስ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን ብቻ ይዩልኝ» አለችኝ። ልታሳየኝ የፈለገችው የዓላማ መግለጫዋን ነው፤ ማንኛውም የድኅረ ምረቃ አመልካች ለምን መማር እንደሚፈልግ የሚጽፈውን አንድ ገጽ ተኩል ማለት ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የጤና ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም እሺ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይል ነበር፦ ሕመምተኛን በራሴ መርምሬ የማከም ልምድ የለኝም፤ ይህን ለመማር እመኛለሁ።

«ትናንት ማታ ተረኛ ማን ነበር?» አልኳት።

«እኔ ነበርኩ።»

«ሕፃን መጥቶ ነበር?»

«ሦስት መጡ። አንዱ የሳንባ ምች ነበረበት።»

«የሳንባ ምች መሆኑን ማን አወቀ?»

ዝም አለች። ትንፋሹን የቆጠረችው፣ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ያየችው፣ አሞክሲሲሊኑን በክብደቱ ለክታ የሰጠችው፣ እናቲቱንም መቼ እንደምትመለስ የነገረቻት እርሷ ናት። «ታዲያ ይህን ዐረፍተ ነገር ለምን ጻፍሽው?» ብላት፣ «የሥራ መደቤ እኮ ነርስ ነው የሚለው፤ እንዴት እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ?» አለችኝ።

ይህ መልስ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። የዛሬው ንግግሬም ከዚያ የመጣ ነው። በሀገራችን ሥራው ከስሙ ቀድሞ የተሠራባቸው፣ ስሙ ግን ዘግይቶ የመጣባቸው ወይም ከነጭራሹ ያልመጣባቸው ሙያዎች አሉ። የእርሷ ሙያ ከእነዚህ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደማምን ደግሞ ከታሪኩ ልንገራችሁ።

ከቃላቱ ልጀምር። በገጠር የሚያክም ሰው ሁሉ «ሐኪም» ነው። በአባቶቻችን ዘመን በክሊኒኩ በር ነጭ ካፖርት ለብሶ መርፌ የሚወጋው ሰው፣ በመንግሥት መዝገብ «ድሬሰር» ተብሎ ቢጻፍም፣ ገበሬው «ሐኪም» ይለው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ «ዶክተር» ይለዋል። ድሬሰር ቃሉ እንደሚያመለክተው ቁስል ለማጠብና ለማሰር በሆስፒታል በአጭር ጊዜ የሠለጠነ ሰው ነው። የገጠሩ ክሊኒክ ሌላ ሰው ስላልነበረው ግን ወባውንም፣ ተቅማጡንም፣ ምጡንም ያየው እርሱ ነበር። ሕዝቡ በስሙ አልተሳሳተም፤ የጠራው በሥራው ነው። የተሳሳተው መዝገቡ ነው።

«ነርስ» የሚለው ስም ግን በሌላ በር ገባ፤ በክብር በር። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ፤ ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕሙማን አልጋ ታነጥፋለች፣ የሌሊት ተራ ትገባለች የሚለው ወሬ በዚያ ዘመን ለሰሚው እንግዳ ነበር። ልዕልቲቱ ከነፃነት በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር። ነርስ ሆነው፣ በዚያው ሙያቸው ከሌሎች እናቶች ሊከላከሉት በሚችሉት ምክንያት ሞቱ። በስማቸው የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ስለ ልዕልቲቱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለዛሬው ጉዳያችን የምፈልገው ግን አንዱን ነጥብ ነው። ነርስ ለመሆን ለንደን መሄድ ነበረባቸው፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ደግሞ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባቸው። ትምህርቱ ሁልጊዜ ከሕመምተኛው ርቆ ነበር።

ይህን ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በሐሳብ ደረጃ የተገዳደረው የጎንደር ኮሌጅ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ በ1947 ዓ.ም. ማለት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የርዳታ ተቋም ተባብረውበታል። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። የሀገሪቱ የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ኢትዮጵያ ዶክተር በራሷ ምድር ማሠልጠን ከመጀመሯ ዐሥር ዓመት አስቀድማ ሌላ ዓይነት አካሚ ማሠልጠን ጀምራ ነበር ማለት ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የዚያ ዘመን ዕቅድ አውጪዎች ስሌት ቀላል ነበር፤ ዶክተር ቢጠበቅ ገጠሩ ያልቃል። ምን ያህል እንደተጣደፉ ትክክል እንደነበሩ የ1958ቱ የወባ ወረርሽኝ አሳየ። ወባ ብዙም ወደማያውቃቸው ደጋማ ቦታዎች ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፤ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል።

ጎንደር ሦስት ዓይነት ባለሙያ አብሮ ያሠለጥን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ፣ ያኔ ሳኒታሪያን ይባል የነበረው። ሦስቱ ተለያይተው ተመርቀው በየፊናቸው አይሄዱም፤ ገና ተማሪ ሳሉ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ይሠራሉ፣ ሲመረቁም በቡድን ይመደባሉ ተብሎ ነበር የታሰበው። አንድ ጤና ጣቢያ ለ50 ሺህ ሕዝብ። የመማሪያው ክፍልና ጤና ጣቢያው በአንድ መንገድ የተያያዙ ነበሩ። ተማሪው ዛሬ ያነበበውን ነገ በሰው ደረት ላይ ያዳምጠዋል፤ ሲያዳምጥም አጠገቡ መምህሩ ይቆማል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። «መኮንን» የሚለውን ቃል ከጤና ጋር ያጣመሩት ሰዎች አዋቂዎች ነበሩ። ቃሉ ከመኳንንቱና ከጦሩ የመጣ ነው፤ ሥልጣን አለው። በወረዳ አስተዳዳሪው ፊት «ረዳት ሐኪም» ብለው ቢልኩት ኖሮ ማን ያዳምጠው ነበር? እነርሱ መኮንን አሉት። ነርሷ ግን ከእርሱ ጋር በአንድ ጤና ጣቢያ፣ በአንድ ቡድን፣ አንዳንዴም እርሱ በሌለበት የእርሱን ሥራ ደርባ ብትሠራም፣ እንዲህ ያለ ስም አላገኘችም። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ ወደ ቡሌ ይዘልቃል።

ከዲላ አካባቢ ጎንደር ሄዶ ለመማር ምን ያስፈልግ እንደነበር ደግሞ አስቡት። ጌዴኦ ያኔ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ ከ700 በላይ። ቡና ለቅሞ፣ እንሰት ፍቆ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ለዚያ ያህል ዓመት አይለቅም፤ ሴት ልጁንማ ፈጽሞ። ስለዚህ የጎንደር ሐሳብ ለሕመምተኛው ቢቀርብም፣ ለተማሪው ግን እንደ ራቀ ቀረ።

አሁን ለአፍታ ባሕር እንሻገር፤ የተማሪዬን ቅጽ የላከውን ሀገር ታሪክ ሳናይ ቅጹን መረዳት አንችልምና።

በአሜሪካ ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሎሬታ ፎርድ የምትባል የሕዝብ ጤና ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም ናቸው የመሠረቱት። ፎርድ በገጠር ስትሠራ ያየችው ነገር አንዲት የጌዴኦ ነርስ ከምታየው ብዙም አይለይም፤ ዶክተር ሩቅ ነው፣ ልጁ ታሟል፣ እናቲቱ በር ላይ ቆማለች። ሐሳቡን አምርረው ከተቃወሙት መካከል የነርስ መምህራን ራሳቸው ነበሩ፤ ነርስነትን ትታችሁ ትንንሽ ዶክተሮች ልትሆኑ ነው አሏት። ሎሬታ ፎርድ በ2025 መጀመሪያ በ104 ዓመቷ ስታርፍ ሙያው በመላው አሜሪካ ተንሰራፍቶ ነበር፤ በብዙ ግዛቶችም ያለ ሐኪም ቁጥጥር በራሱ ይሠራል። በዚያው በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ «የሐኪም ረዳት» የሚባለው ሥልጠናም ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ከባሕር ኃይል የተመለሱ አስታማሚዎች ነበሩ። ጎንደር ከሁለቱም በ11 ዓመት ይቀድማል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ሥራዎቹ አንድ ናቸውም አልልም፤ የትምህርቱ ርዝመትም፣ የሕጉ ፈቃድም ይለያያል። ነገር ግን ጥያቄው አንድ ነበር፤ ሁለት ሀገሮች ለየብቻቸው አንድ ዓይነት መልስ ሰጡት።

ከሁሉ ይልቅ ለዲላ የሚቀርበው ግን የኬንታኪ ታሪክ ነው። ሜሪ ብሬኪንሪጅ የምትባል ነርስ እ.ኤ.አ. በ1925 በኬንታኪ ተራሮች፣ መንገድ በሌለበት ሀገር፣ በፈረስ የሚሄዱ ነርስ አዋላጆችን አሰማራች። ራሷ አዋላጅነት የተማረችው ለንደን ሄዳ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ያኔ ለነርስ የሚሆን የአዋላጅነት ትምህርት ስላልነበረ። አዋላጆቿ በብዛት እንግሊዛውያን ነበሩ። በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ ብዙዎቹ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ እርሷም የግድ ሆኖባት በዚያው ተራራ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተች። ልዕልት ፀሐይ ለንደን ላይ በተመረቁበት ዓመት መሆኑ ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1970 የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ማሠልጠን ጀመረ። በ1989 ደግሞ ተማሪዋ ከምትኖርበት ሳትነቀል የምትማርበትን የርቀት ትምህርት አመጣ። ንድፈ ሐሳቡን ቤቷ ታነባለች፣ ልምምዱን በምትኖርበት አካባቢ ካለ የተመሰከረለት ባለሙያ ጋር ታደርጋለች። ዛሬ በኢንተርኔት የሚሰጡት የዚህ ዘርፍ ትምህርቶች ሁሉ ይህን ሥርዓት ይከተላሉ፤ ቅጹም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ወደ ቅጹ እመለሳለሁ።

በእኛ ሀገር ጎንደር የጀመረው መንገድ ቀጥ ብሎ አልሄደም። የጤና መኮንኖች ቅሬታ ቀደም ብሎ ተሰማ። ሥራው ከባድ ነው፣ ምደባው ሩቅ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን የሚወጡበት መሰላል የለም። ከእነርሱ መካከል ወደ ሕክምና ትምህርት የገቡ፣ ወደ ውጭም የሄዱ ብዙ ናቸው። በደርግ ዘመን ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1978 ሐኪሞችን ወደ ማሠልጠን ዞረ፤ የጤና መኮንን ትምህርትም ተቋረጠ። የተመለሰው በ1990ዎቹ ነው። የዲላም ተራ የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

የዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1996 ተቋቋመ። በ2000 በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ፤ በ2006 ደግሞ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ራሱን ቻለ። መምህርነትና ጤና በአንድ ኮሌጅ መጣመራቸውን ያኔ ብዙዎች ቀልደውበታል። እኔ ግን የተሻለ ጥምረት አላውቅም። በዚያን ጊዜ ከነበሩት ችግሮች ትልቁ መጽሐፍ ነበር፤ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ የሚታየውን በሽታ፣ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ ባለው መድኃኒት እንዴት እንደሚታከም የሚያስረዳ መጽሐፍ አልነበረም። በ1997 በካርተር ማዕከል ድጋፍ የተጀመረው የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም መፍትሔ ያደረገው የየኮሌጁን መምህራን ሰብስቦ ራሳቸው እንዲጽፉ ማድረግ ነው። የዲላ መምህራንም ከጸሐፊዎቹ መካከል ነበሩ። ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ምች፣ ስለ ተቅማጥ የተዘጋጁት እነዚያ ሞጁሎች «ለጤና ጣቢያ ቡድን» ተብለው ነው የተጻፉት፤ ለጤና መኮንኑ፣ ለነርሷ፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ለአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድነት። የጎንደር ቡድን በወረቀት ላይ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ጥራዞቹ ዛሬም በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ይገኛሉ፤ ብታገኟቸው አትጣሏቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በየቀበሌው ተሰማሩ። በ2005 የተፋጠነ የጤና መኮንኖች ሥልጠና መጣ። በ2009 ደግሞ ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የሚያሠለጥን የሦስት ዓመት ትምህርት ተከፈተ። በእኛው ዩኒቨርሲቲም የሰመመን ባለሙያዎች፣ ሐኪም ያልሆኑ፣ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ በክሊኒካዊ ሙያ ይማራሉ። እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልሰንዝር፤ የጤና ባልደረቦቼ ይታገሡኝ። መሰላሉ የተሠራው ደም በሚታይበት ቦታ ነው። እናት በምጥ ስትሞት ሀገር ይሰማል፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ጤና መኮንንና ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ ዲግሪና ማዕረግ አገኙ። በተመላላሽ ክፍል የምትቀመጠዋ ነርስ ግን ሕፃኑን ከሳንባ ምች ስታድን፣ የአዛውንቱን የደም ግፊት ስትከታተል፣ ማንም አይጮኽም። አዳነች ማለት ምንም አልሆነም ማለት ነው። ያልሆነ ነገር ደግሞ በሪፖርት አይወጣም። የቤተሰብ ሕክምና የሚባለው የስፔሻሊቲ ትምህርት በ2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር በሩ ለሐኪሞች ነው የተከፈተው፤ ትክክልም ነው። ለነርሷ ግን አቻው አልመጣም።

ስለ ርቀት ትምህርት ሁለት ምሳሌ አለኝ። አንደኛው በዲላ አልፎ ወደ ሞያሌ የሚሄደው መንገድ ከሚወስደን ሀገር ነው። ኬንያ በ2005 ከአምሬፍ ጋር ሆና ዝቅተኛ ደረጃ የነበራቸውን ከ20 ሺህ በላይ ነርሶች ከሥራቸው ሳይለቁ በኮምፒዩተር ታግዘው ደረጃቸውን እንዲያሻሽሉ ለማድረግ ተነሣች። ሁለተኛው የራሳችን ነው። በ2011 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 13 ሞጁሎች አዘጋጀ። ሠራተኛዋ በቀበሌዋ ሆና ታነባለች፤ ለተግባር ልምምድ ግን ወደ ጤና ተቋም ትሄዳለች፣ አሠልጣኝም ይመደብላታል። የዚህ ዝግጅት ብልህነት ኢንተርኔት አለመጠበቁ ነው፤ በታተመ ወረቀት ላይ ነው የቆመው። በመካከሉ፣ በ2010፣ የትምህርት ሚኒስቴር በርቀት ትምህርት ላይ እገዳ ጥሎ ኋላ በቅድመ ሁኔታ አንሥቷል። ጥርጣሬው መሠረት ነበረው፤ ታማሚ ሳይነካ የጤና ባለሙያ እንዴት ይመረቃል? መልሱ እገዳ አልነበረም፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር።

አሁን ወደ ቅጹ ልመለስ። ዓላማ መግለጫውን አብረን አስተካከልን። እ.ኤ.አ. በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል እርሷ በገደብ በድንኳን ውስጥ ትሠራ ነበር። «የጤና አገልግሎት ላልደረሰው ሕዝብ ያበረከቱት ካለ ይግለጹ» ለሚለው ጥያቄ የጻፈችው ሁለት መስመር ብቻ ነው። በዝናብ፣ በጭቃ፣ በድንኳን ስንት ሕፃን እንዳየች ስጠይቃት «ማን ይቆጥራል ጋሼ» አለች። ሁለቱን መስመር ወደ አንድ አንቀጽ አሰፋነው። የመጀመሪያውንም ዐረፍተ ነገር ሰረዘችው፤ በምትኩ «ለዘጠኝ ዓመት ሕሙማንን መርምሬ አክሜአለሁ፤ ይህን በሥርዓት መማር እፈልጋለሁ» ብላ ጻፈች። በእኔ ግምት ከቅጹ ሁሉ ትልቁ ሥራ እርሱ ነበር።

ከዚያ ግን ሁለት ክፍት ቦታዎች ቀሩ። አንደኛው የሙያ ፈቃድ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው የአሜሪካን ፈቃድ ነው፤ ያንን ለማግኘት የትምህርት ማስረጃን ማስመርመር፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና የሀገሪቱን የነርስ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የነርስ ፈቃድ የግዛት ጉዳይ ስለሆነ፣ እዚያው የሚኖሩ አመልካቾች እንኳ በሚኖሩበት ግዛት ምክንያት የሚመለሱበት ጊዜ አለ። «በኢንተርኔት» ማለት ድንበር የለውም ማለት አይደለም። ከዲላ ሄዳ ሲያትል የምትኖር ነርስ ፈቃዱን ካወጣች በኋላ ይህንኑ ትምህርት ከቤቷ ሆና ልትማር ትችላለች፤ ቡሌ ያለችው አትችልም። የሚለያያቸው የኔትወርክ ጥራት አይደለም።

ሁለተኛው ክፍት ቦታ የተግባር አሠልጣኝ ስም የሚጻፍበት ነው። የእነርሱ ሕግ ተማሪዋ በተመሰከረለት ባለሙያ ሥር በርካታ መቶ ሰዓት ሕሙማን እንድታይ ያዝዛል፤ ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛው 500 ሰዓት ነበር፣ በ2022 የወጣው መመዘኛ ወደ 750 አሳደገው። ቅጹ በቀጥታ ይጠይቃል፦ ማን ነው አጠገብሽ የሚቆመው? ስሙ፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ የሥራ ቦታው? እርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ብዙ ቆየች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አጠገቧ ቆሞ «እስቲ ደግመሽ አዳምጪው» ያላት ማን እንደሆነ ታስባለች። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነባር ጤና መኮንን ነበር፤ ተዛወረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት አዲስ ሠራተኞች አጠገባቸው የምትቆመው እርሷ ናት።

የሕክምና ትምህርትን ታሪክ ለማንበብ ከወደድኩበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፤ ንግግሩ፣ መጽሐፉ፣ ፊልሙ በሽቦም በአየርም ይጓዛል። ለንደን የነበረው ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከዚያ ወደ ዲላ፣ አሁን ደግሞ ወደ ስልኳ መጥቷል። አጠገብ የሚቆመው ሰው ግን አይላክም። ጎንደር በ1954 ይህን ተረድቶ ጤና ጣቢያውን ትምህርት ቤት አደረገው። ኬንታኪ ተረድቶ በየመንደሩ አሠልጣኝ ፈለገ። እኛ ዛሬ የኢንተርኔት ትምህርትን ስናቅድ የምንነጋገረው ስለ ኮምፒዩተርና ስለ መስመር ነው። ከወናጎ እስከ ገደብ ባሉት ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ለማስተማር ብቁ የሆኑ ነባር ነርሶችና ጤና መኮንኖች እነማን እንደሆኑ ግን አንድም መዝገብ ሲጠቀስ አልሰማሁም። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር፣ ለማስተማር የሚያጠፉት ሰዓት በሥራ ሰዓታቸው ቢታሰብላቸው፣ ዩኒቨርሲቲውም ስማቸውን ቢያውቀው፣ የቅጹ ባዶ መስመር በራሳችን ቅጽ ላይ ይሞላ ነበር። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መዝገቡ ሰውን በሥራው እንዲጠራ ነው።

ማመልከቻው አልተላከም። ሲያትል ያለች ዘመዷ የማመልከቻውን ክፍያ ልትከፍልላት ተዘጋጅታ ነበር፤ ስለ ፈቃዱ ስናውቅ ተውነው። የዓላማ መግለጫውን ግን አስቀምጣዋለች። አሁን ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ብሔራዊ ፈተና እየተዘጋጀች ነው፤ እዚሁ ሀገር ውስጥ ለመማር። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ ትምህርቱ መደበኛ ከሆነ ቡሌን መልቀቅ ይኖርባት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት አልኳት።

«ታዲያ ተመላላሹን ማን ይይዘዋል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም። ከጤና ኮሌጁ የመጣችሁ ባልደረቦቼ ካላችሁ እሰማችኋለሁ።